የቻይና የአዲስ ዓመት ሥዕል እንጀራ ይሆናል?

ከቶሮንቶ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አዲስ አበባ ግራፊክ አርት ተምረሻል፣ አሁን ካፌ ትሠሪያለሽ። በጥር ወር የቻይና ሰፈር ውስጥ አንዲት ቻይናዊት አሮጊት ኒየንኋ፣ ማለትም በተቀረጸ እንጨት (ብሎክ) የሚታተመውን የአዲስ ዓመት ሥዕል፣ ሲያስተምሩ በበጎ ፈቃድ አገዝሻቸው፣ ከዚያ ወዲህ ልብሽ እዚያው ቀረ። ቤተሰብ ደግሞ «ፒኤስደብሊው ተማሪ» ይልሻል፤ አረጋውያንንና ሕሙማንን የመንከባከብ ሥራ ማለት ነው። የጠየቅሽኝ ሁለት ነገር ነው፦ ይሄ ሥራ ይሆናል ወይ? ቻይናዊ ሳልሆንስ ያምርብኛል ወይ?

ከሁለተኛው ልጀምር። በር ላይ የሚለጠፉትን የሁለቱን በር ጠባቂዎች ሥዕል ጀርባ ለጀርባ ብትለጥፊ ሴትዮዋ ስቀው «ተኳርፈዋል፣ እንዲህ ሆነው ማንንም አይጠብቁም» አሉሽ አይደል? ወድጄዋለሁ። ቺን ቾንግና ዩቺ ጎንግ ይባላሉ፣ የታንግ ዘመን ጄኔራሎች ናቸው። ንጉሣቸው ታይዞንግ እንቅልፍ ቢያጣ ደጁን ሲጠብቁ አደሩ ይባላል። መተያየት አለባቸው። ሥዕሉን ከኢንተርኔት የቀዳ ሰው ይሄን አያውቅም።

ኒየንኋ ላይ ዓሣ ያቀፈውን ወፍራም ሕፃን ደግሞ እዪው። በቻይንኛ ዓሣ «ዩ» ነው፣ ትርፍም «ዩ» ነው። ሎተስ አበባ «ልየን»፣ ሳይቋረጥ የሚለውም «ልየን»። ሰሙ ዓሣና አበባ፣ ወርቁ «በየዓመቱ ይትረፍረፍላችሁ»። ቅኔ ለምታውቅ ልጅ ይሄ ባዕድ አይደለም። ስለዚህ ከሴትዮዋ እየተማርሽ፣ ስማቸውን እየጠራሽ ከሠራሽ ያምርብሻል። «የኒየንኋ ሊቅ» የሚል ካርድ ግን እንዳታሳትሚ። በዚህ ሙያ የታወቁት የሁለቱ የቻይና ከተሞች፣ የያንግሊዩቺንግና የጁሺየንጀን፣ ኅትመቶች ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቻይና የብሔራዊ ቅርስ መዝገብ ውስጥ ናቸው፤ ሙያውን ከአባት ከአያት የተቀበሉ ሰዎች አሉ።

ወደ እንጀራው እንምጣ። ሥዕሉን ሸጠሽ አትኖሪም። ድሮም ርካሽ ነገር ነው፤ ዓመት በር ላይ ከርሞ ተቀዶ በአዲስ ይተካል። ሰው የሚከፍልሽ አብሮሽ ለመሥራት ነው። ብሎኩን ቀለም ትቀቢያለሽ፣ ወረቀት ታለብሻለሽ፣ ጀርባውን በብሩሽ ታሺያለሽ፤ ከዚያ አንዱ ሕፃን ጠርዙን ይዞ ቀስ አድርጎ ሲገልጠው ክፍሉ ሁሉ ጸጥ ይላል። የምትሸጪው ያንን ነው። ማተሚያ ማሽን አያስፈልግም፣ ቀለሙ የውኃ ነው፣ ዕቃው ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የአረጋውያን ማዕከል ይዘሽው ትሄጃለሽ። ለልጆች የያንግሊዩቺንግ ዘዴ ይመቻል፤ መስመሩ ይታተምና ቀለሙ በእጅ ይቀባል። ጁሺየንጀን ለእያንዳንዱ ቀለም ሌላ ብሎክ ስለሚፈልግ ለአንድ ሰዓት ክፍል አይሆንም።

ብቻሽን አትጀምሪ። ቶሮንቶ ውስጥ ኦፕን ስቱዲዮ የሚባል ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የኅትመት ማዕከል አለ፤ ሂጂና ፊትሽን አስለምጂ። የከተማውም የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገርም አርትስ ካውንስል (የኪነ ጥበብ ምክር ቤት) ግራንት፣ ማለትም የድጋፍ ገንዘብ፣ ይሰጣሉ። ካናዳ የብዝኃ ባህል ፖሊሲ ካወጣች ከ1971 እ.ኤ.አ. ወዲህ አገሩ ይሄን ቋንቋ ይሰማል፤ አንዲት ቻይናዊት አሮጊትና አንዲት ሐበሻ በአንድ ማመልከቻ ሲቀርቡ ማስረዳቱ አይከብድም። ከልጆች ጋር ስለምትሠሪ የፖሊስ ማጣሪያ ወረቀቱ እንዴት እንደሚወጣ ቀድመሽ ጠይቂ። ጥሪ ከመጣ በኋላ ከመሯሯጥ ያድንሻል።

ችግሩ ወቅቱ ነው። ጥርና የካቲት ትጣደፊያለሽ፣ ከዚያ ጭር። እዚህ ላይ ነው እንቁጣጣሽ የሚመጣልሽ። ኒየንኋ ማለት እኮ «የዓመት ሥዕል» ነው። እኛስ? ወንዶች ልጆች አበባና መልአክ ስለን ቤት ለቤት እንዞር አልነበር? የእኔ መልአክ ክንፉ የዶሮ ነበር፤ ጎረቤታችን ግን ሳንቲሜን ከልክለውኝ አያውቁም። እዚያው ቶሮንቶ ዳንፎርዝ አካባቢ ያሉት የሐበሻ ወላጆች ልጆቻቸው ይሄን እንዲያውቁ ይፈልጋሉ። በጥር የሴትዮዋን ጠረጴዛ ታግዣለሽ፣ በመስከረም እሳቸው የአንቺን።

ቤተሰብሽ ተሳስቷል አልልም፤ የቶሮንቶ ኪራይ ቀልድ አይደለም። ካፌውን አሁን አትልቀቂ። ፒኤስደብሊውም ብትማሪ የምትገቢበት የአረጋውያን ቤት ራሱ ዎርክሾፕ የሚፈልግ ቦታ ነው። ለጊዜው ሦስት ብሎክ ቅረጪ፣ ስትሠሪ ፎቶ ተነሺ፣ ፖርትፎሊዮሽ ውስጥ አስገቢ። አንዱ ላይ «እንኳን አደረሳችሁ» ከጻፍሽ ታዲያ ፊደሉን ገልብጠሽ ቅረጪው፤ ያለዚያ በመስታወት የሚነበብ ይወጣልሻል።