አንዱን ጉንፋን፣ አንዱን ኦክስጅን
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቤታችን ውስጥ ስድስታችንንም ኮቪድ ያዘን። አምስታችንን እንደ ጉንፋን አለፈን፤ ምንም በሽታ ያልነበረበት የ29 ዓመት ወንድሜ ግን ኦክስጅን ላይ ሰነበተ። ቫይረሱ አንድ፣ ቤቱ አንድ። ነገሩ የዘር ይሆን? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። ወጣት፣ ጤነኛና ወንድ መሆኑ አንድ የታወቀ ጉድለት እንድንጠረጥር ያደርጋል። ቲኤልአር7 የሚባለው ፕሮቲን የቫይረሱን አርኤንኤ ለይቶ ኢንተርፌሮን እንዲመነጭ ያደርጋል፤ ኢንተርፌሮን ደግሞ ገና ያልተያዙት ሴሎች ራሳቸውን እንዲጠብቁ የሚያስጠነቅቅ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይህ ማስጠንቀቂያ ከዘገየ ቫይረሱ ያለከልካይ ይራባል፤ ዘግይቶ የሚነሳው የሰውነት ቁጣ ሳንባውን ራሱን ይጎዳል። ጂኑ ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንላታል፤ ወንድ መጠባበቂያ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2020 በኔዘርላንድስ ከሁለት ቤተሰቦች የመጡ አራት ጤነኛ ወጣቶች፣ ሁለት ሁለት ወንድማማቾች፣ በመተንፈሻ መሣሪያ እስከመረዳት ደርሰው ሲመረመሩ የተገኘባቸው ይኸው ጉድለት ነበር። አንዱ ሕይወቱ አልፏል።

ይሁንና ጉድለቱ ብርቅ ነው፤ በኮቪድ ክፉኛ ከታመሙ ከ60 ዓመት በታች ወንዶች መካከል እንኳ የተገኘው 2 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ላይ ነው። ከዚህ በጣም የሚበዛው ሰውነት ኢንተርፌሮንን የሚያመክን አንቲቦዲ በራሱ ላይ ሲሠራ ነው፤ ከጽኑ ሕሙማኑ ቢያንስ 10 በመቶው ይህ ነበረባቸው፣ አብዛኞቹም በዕድሜ የገፉ ወንዶች ናቸው። ኮቪድን ያከብዳል ተብሎ ብዙ የተወራለት፣ ኒያንደርታል ከሚባለው ከጠፋው ጥንታዊ የሰው ዝርያ የተወረሰው የ3ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ በደቡብ እስያ ግማሽ ያህሉ ሕዝብ፣ በአውሮፓ 16 በመቶው ቢይዘውም በአፍሪካ የለም ለማለት ይቻላል። ለእናንተ ቤት የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እሱ አይደለም።

በእናትዎ ወገን ያሉ አጎቶችና የአክስት ወንዶች ልጆች በሳንባ ምች ክፉኛ የታመሙ ወይም በልጅነት የሞቱ እንዳሉ ይጠይቁ። ካሉ ለሐኪም ይንገሩ። ወንድምዎ የኮቪድና የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ይውሰድ፤ ዳግም ትኩሳት ሲይዘው ትንፋሽ እስኪያጥረው አይጠብቅ። የኮቪድ ፀረ-ቫይረስ ክኒን የሚጠቅመው ምልክት በታየ በ5 ቀን ውስጥ ሲጀመር ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ኤችአይቪ በደሙ እንዳለ ካወቅን 7 ዓመት ሆነን። እኔ ስመረመር ነፃ ነኝ። «ደምሽ አይቀበለውም» ይሉኛል። እውነት ከሆነ ጥንቃቄውን ልተወው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እባክዎ አይተዉት። ቫይረሱን የማይቀበል ሰው በእርግጥ አለ፤ እርስዎ የመሆንዎ ዕድል ግን እጅግ ጠባብ ነው። ኤችአይቪ ወደ ሴል ለመግባት በሴሉ ገጽ ባለው ሲዲ4 በሚባል ፕሮቲን ላይ ከተጣበቀ በኋላ ሲሲአር5 የሚባል ሁለተኛ መያዣ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1996 በሲሲአር5 ጂናቸው ውስጥ 32 የዲኤንኤ ፊደላት የጎደሏቸው ሰዎች ተገኙ። ጉድለቱን ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሰው በአብዛኛው አይያዝም። ከሰሜን አውሮፓውያን 1 በመቶ ያህሉ እንዲህ ናቸው፤ በአፍሪካውያን ዘንድ ግን እምብዛም አይገኝም። ያላቸውንም ቢሆን ሲኤክስሲአር4 በሚባለው በሌላው በር የሚገባው የቫይረሱ ዓይነት ሊይዛቸው ይችላል።

እርስዎን የጠበቀዎት ባለቤትዎ በየቀኑ የሚውጡት መድኃኒት ሳይሆን አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ በወጣ የአውሮፓ ጥናት የአንዱ ወገን ቫይረስ በሚሊሊትር ከ200 ቅጂ በታች የሆነላቸው ጥንዶች ያለ ኮንዶም 58 ሺህ ጊዜ ያህል ተገናኝተው ከትዳር አጋር የተላለፈ አንድም ቫይረስ አልተገኘም። ስለዚህ መጠየቅ ያለብዎ የባለቤትዎ የመጨረሻ የቫይረስ መጠን ስንት እንደነበረና መቼ እንደተለካ ነው። መድኃኒት ካቋረጡ መጠኑ በሳምንታት ውስጥ መልሶ ይወጣል፤ እንደገና ተለክቶ እስኪወርድ ኮንዶም ይጠቀሙ፣ ቫይረሱ የሌለበት ሰው እንዳይያዝ አስቀድሞ ስለሚወስደው መድኃኒት (ፕረፕ)ም ጤና ተቋሙን ይጠይቁ። በዚያ መሐል ኮንዶም ቢቀደድ የድንገተኛ መከላከያው የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቢቻል በዚያው ቀን።

ጥያቄ፦ ከቫይረሱ ጋር እኖራለሁ። እዚህ ሐኪሜ «አፍሪካዊ ስለሆንክ ኤችአይቪ ኩላሊትህን የሚጎዳበት ጂን ሊኖርህ ይችላል» አለኝ። ልመርመር? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ሐኪምዎ ያሉት ኤፒኦኤል1 የተባለውን ጂን ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታወቁት ጂ1 እና ጂ2 የሚባሉት ዓይነቶቹ የእንቅልፍ በሽታን ተውሳክ ስለሚገድሉ በምዕራብ አፍሪካ ተስፋፍተዋል። ከአፍሪካ አሜሪካውያን 13 በመቶ ያህሉ በሁለቱም የጂኑ ቅጂዎች ላይ ይዘዋቸዋል፤ ለእነሱ ያልታከመ ኤችአይቪ የሚያመጣው የኩላሊት ጉዳት በእጅጉ ይጨምራል።

አፍሪካ ግን አንድ ደም አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያውያን ላይ እነዚህን ዓይነቶች ፈልጎ አላገኘም፤ ቫይረሱ ካለባቸው 338 ኢትዮጵያውያን መካከልም ይህ የኩላሊት በሽታ ያለበት አልተገኘም። አንድን አህጉር በቆዳ ቀለም ጠቅልሎ ማየት ሕክምናን ያሳስታል፤ አሜሪካ ራሷ የኩላሊትን አሠራር ለመገመት በዘር ላይ ተመሥርታ ታደርገው የነበረውን ማስተካከያ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ አዲስ ቀመር ትታዋለች። ወላጆችዎ ሁለቱም ኢትዮጵያውያን ከሆኑ የጂን ምርመራው ብዙ የሚጨምርልዎ የለም። ኩላሊትዎ ግን ከክትትል ነፃ አይደለም። የግፊትና የስኳር ጉዳት ሁሉንም ይመለከታል፣ ቴኖፎቪር የሚባለው የኤችአይቪ መድኃኒትም በተለይ በድሮው ቀመሙ (ቲዲኤፍ) ኩላሊትን ሊነካ ይችላል። በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ የኩላሊትን አሠራር የሚያሳየውን የደም ክሪያቲኒንና በሽንት ውስጥ ያለ ፕሮቲን ያስለኩ።

ጥያቄ፦ በፖስታ የሚላከው የምራቅ ምርመራ ልጄ ለቫይረስ ደካማ መሆኑን ይነግረኛል? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ አይነግርዎትም። አብዛኞቹ የተመረጡ የታወቁ ነጥቦችን ብቻ ነው የሚያነቡት፤ እንደ ቲኤልአር7 ያለው ብርቅ ጉድለት ያመልጣቸዋል፣ «ምንም የለም» የሚል ውጤትም ዋስትና አይሆንም። ሆስፒታል ውስጥ ሙሉ የጂን ንባብ መጠየቅ የሚገባው ሄርፒስ አንጎሉን ላቃጠለው ሕፃን፣ ኤፕስታይን-ባር (ኢቢቪ) የሚባለው ቫይረስ ጉበቱንና ደሙን ክፉኛ ላናጋው ወንድ ልጅ፣ ከኩፍኝ ክትባት በኋላ ክትባቱ ራሱ በጽኑ ላሳመመው፣ ወይም ወንድሙ ወይም እህቱ በተመሳሳይ ቫይረስ ለሞቱበት ልጅ ነው። ከነዚህ አንዱ ካለ የልጁን የክትባት ካርድ፣ የሆስፒታል መውጫ ወረቀቶችና ወላጆች የሥጋ ዝምድና እንዳላቸው ወይም እንደሌላቸው የሚገልጽ የቤተሰብ ዝርዝር ይዘው ይሂዱ።