ቆዳውን ብቻ አይታችሁ አትሸኟቸው

በቆዳ ሕክምና ክፍል ሥራ ለምትጀምሩ ወጣት ሐኪሞችና ነርሶች፣

ሶሪያሲስ ያለበት ሰው ሲመጣ የሚያሳያችሁ ክርኑን፣ ጉልበቱንና የራስ ቅሉን ቆዳ ነው። እናንተም የቀላውን፣ ነጭ ቅርፊት የሚያራግፈውን ታያላችሁ፤ ቅባት ትጽፋላችሁ፤ ቀጣዩን ትጠራላችሁ። ወረፋው ረጅም መሆኑን አውቃለሁ፤ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በእሱ ውስጥ ነው። ነገር ግን ሕመሙ ቆዳ ላይ ይታይ እንጂ ሥሩ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት መዛባት ነው። መዛባቱ የሚያስነሳው ብግነት፣ ማለትም መቅላትና ማበጥ፣ መገጣጠሚያን ይነካል፤ የደም ሥርንም ይጎዳል። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ሶሪያሲስን ሥር የሰደደ፣ የማይተላለፍና አካልን የሚያሰናክል በሽታ ብሎ ውሳኔ ያሳለፈው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከመገጣጠሚያ ልጀምር፣ ብዙ የሚያመልጠን እዚህ ላይ ነውና። ከታማሚዎቹ እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት የመገጣጠሚያ ብግነት ያገኛቸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቆዳው ከታመመ ከዓመታት በኋላ። ታማሚው ግን ሁለቱን አያገናኛቸውም። ከሽሮ ሜዳ ይመጡ የነበሩ አንድ ሸማኔ ትዝ ይሉኛል። ቅባታቸውን ሊወስዱ መጥተው እጃቸውን ስይዝ አንዱ ጣታቸው ከሥሩ እስከ ጫፉ አብጧል፤ ጥፍራቸው በመርፌ ጫፍ የተወጋ ይመስል ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉበት። «ሥራው ነው ዶክተር፣ መወርወሪያው ያደከመው ጣት ነው» አሉኝ። የሥራ ድካም አልነበረም። ስለዚህ ጥፍር ሳታዩ አትሸኙ። «ጠዋት ሲነሱ ጣቶችዎ እስኪፍታቱ ምን ያህል ጊዜ ይወስድብዎታል? ተረከዝዎን ያምዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ካሏችሁ ነገሩን በቸልታ አትለፉት። የሪህ የደም ምርመራው (ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው) ነጻ ነው ተብሎም አይታለፍም፤ በዚህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ነጻ ነው። አንዴ የተበላ መገጣጠሚያ ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም።

ሁለተኛው የልብና የደም ሥር ጉዳይ ነው። በተለይ ሕመሙ የጠናባቸው ሰዎች ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ያላቸው ተጋላጭነት ከሌላው ሰው ከፍ ይላል፤ ስኳር፣ የደም ግፊት፣ ከልክ ያለፈ ውፍረትና የጉበት ስብም ይበዛባቸዋል። «ይህ የውስጥ ደዌ ሥራ ነው» የሚል ባልደረባ ያጋጥማችኋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ብዙው ታማሚ ከእናንተ በቀር ሌላ ሐኪም የለውም፤ ከገጠር የመጣው ሰው ሁለተኛ ካርድ የሚያወጣበት ገንዘብም ጊዜም የለውም። የደም ግፊት መለኪያው ክፍላችሁ ውስጥ ይኑር። ክብደታቸውንና ስኳራቸውን ተከታተሉ። ውፍረት ያለው ሰው ሲቀንስ ቆዳውም እንደሚሻለው፣ መድኃኒቱም እንደሚሠራለት ንገሩት፤ ብዙዎች ይህን ሲሰሙ ይበረታሉ።

ከሶሪያሲስ ጋር አብረው ያሉትን ሌሎች ሕመሞች የሚያክም መድኃኒት አንዳንድ ጊዜ ቆዳውን ያባብሳል። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሊቲየምና ለግፊትም ለልብም የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎል እንዲህ ያደርጋሉ። ለወባ የሚሰጠው ክሎሮኪንም ሊያባብሰው ይችላል፤ ይህ ማለት ግን ወባ ሳይታከም ይቅር ማለት አይደለም፣ ታማሚውን አስጠንቅቃችሁ ተከታተሉት ማለት ነው። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ ለሶሪያሲስ በእንክብልም በመርፌም አትስጡ። በሳምንት ውስጥ ቆዳውን ያጠራና ሲቆም ሕመሙ መላ ሰውነትን አቅልቶ ወይም መግል ቋጥሮ ሊመለስ ይችላል።

ሕመሙ ለጠናባቸው ስለሚሰጠው እንክብል፣ ስለ ሜቶትሬክሴት፣ ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው። በየቀኑ የዋጠ ሰው ሊሞት ይችላል። ቀኑን ለይታችሁ «ሰኞ ብቻ» ብላችሁ በአማርኛ ወይም በሚያነቡት ቋንቋ ካርዱ ላይ ጻፉላቸው፤ ማንበብ ለማይችሉት አብሯቸው ለመጣው ሰው አስረዱ፣ መልሶም እንዲነግራችሁ አድርጉ። ከመጀመራችሁ በፊት የደም ሴል፣ የጉበት፣ የኩላሊትና የሄፓታይተስ ምርመራ ይሠራ። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ስለ አረቄና ጠላ ስትጠይቁ በቁጣ አይሁን፤ የተቆጣችሁት ሰው እውነቱን አይነግራችሁም። ኤችአይቪ ላለባቸው የሚሰጠው ኮትሪሞክሳዞል ከሜቶትሬክሴት ጋር ሲገናኝ መቅኔን ሊያደርቅ ይችላልና ሌላ ምን እንደሚወስዱ ሳትጠይቁ አትጻፉ። ጠበል የሚሄዱትንም አትከልክሏቸው፤ መድኃኒቱን ይዘው እንዲሄዱ ለምኗቸው።

የመጨረሻው በላብራቶሪ የማይገኘው ነው። በአገራችን ማዕድ የሚቆረሰው አብሮ ነው። እጇ ላይ ቅርፊት ያለባት ወጣት ትሪው ሲቀርብ አጠገቧ ያሉት ፈቀቅ ሲሉ ታያለች፤ ከዚያ ሠርግ መሄድ ትተዋለች፤ በኋላም ሥራ። ድብርት በእነዚህ ሰዎች ላይ ይበዛል፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብም አለ። በሩን ዝጉና በቀጥታ ጠይቋት፤ እንቅልፏን፣ ተስፋዋን፣ ሕይወቷን ማጥፋት አስባ እንደሆነም። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልባትም። አዎ ካለቻችሁ የሪፈር ወረቀት ብቻ ይዛ እንድትወጣ አታድርጉ፤ ቤተሰቧን አስጠሩ፣ እስከ አእምሮ ሕክምና ክፍልም አብራችኋት ሂዱ። የቀረው ወረፋ ይጠብቃል።