መልስ፦ ቤን ሁር ፊልሙን ላየ ሰው መጽሐፉ ምን አለው?

«ፊልሙን ወድጄው መጽሐፉን ጀመርኩት፤ ገና ከመጀመሪያው ሰለቸኝ። እንዴት ይህን ያህል ዘመን ተወደደ?» ላልከው፦

ከልብ ወለዱ ስምንት ክፍሎች የመጀመሪያው ስለ ሰብአ ሰገልና ስለ ክርስቶስ ልደት ስለሆነ ባለታሪኩ ይሁዳ ቤን ሁር ብቅ የሚለው በሁለተኛው ነው። ከዚያ ጀምር፤ አንደኛውን በኋላ ትመለስበታለህ። የሠረገላው ውድድር አምስተኛው ክፍል ላይ ነው።

የ1959ኙን ፊልም እየጠበቅክ አታንብበው። በፊልሙ ሮማዊው ገዢ ላይ ወድቆ ቤተሰቡን ለመከራ የሚዳርገው የጣሪያ ሸክላ የሚወድቀው በእህቱ በቲርዛ እጅ ነው፤ በመጽሐፉ በራሱ በይሁዳ። በውድድሩም የባላንጣውን የመሳላን መንኮራኩር በብረት በተለበጠ የሠረገላው ዘንግ ጫፍ አስልቶ የሚሰባብረው ቤን ሁር ነው፤ መሳላም ወዲያው አይሞትም፣ ሽባ ሆኖ ይቀራል። እናቱና እህቱ ከለምጽ የሚነጹት ደግሞ በስቅለት ሳይሆን በሆሳዕና ነው። እንደ እኔ የመጽሐፉ በቀል ይበልጥ ያስጨንቃል፤ ጀግናው ንጹሕ አይደለምና።

የመወደዱ ነገር፦ በ1880 (እ.ኤ.አ.) ሲታተም ገበያው ቀዝቃዛ ነበር። ልብ ወለድን እንደ ኃጢአት የሚያዩ ብዙ አማኞች ግን ይህንን ቤታቸው አስገቡት፤ ደራሲው ሌው ዋላስ በክርስቶስ አፍ ላይ ከወንጌል ውጭ ቃል ላለማኖር ተጠንቅቋልና። በ1899 በኒው ዮርክ የብሮድዌይ ቴአትር መድረክ ላይ ሲወጣም ክርስቶስ የታየው በብርሃን ጨረር ብቻ ነው፤ ፈረሶቹ ግን እውነተኛ ነበሩ፣ በሚሽከረከር ወለል ላይ ይጋልቡ ነበር።

የመልክዓ ምድር ገለጻው ሲረዝምብህ ዝለለው። ዋላስ ሲጽፍ ቅድስት አገርን አላያትም፤ ከካርታና ከመጻሕፍት ነው የቀዳው።