የድሮ ኪቦርድ ስንት ያወጣል? ጥያቄና መልስ

ስለ ድሮ የኮምፒውተር ኪቦርድ ዋጋ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ዋጋ የምጠራው በዶላር ነው፤ ከእኛ ከሰብሳቢዎቹ መሀል አብዛኛው ሰው የሚገዛው አሜሪካ ካለው ገበያ ነውና።

ጥ፦ ጉድዊል ከሚባለው የአሜሪካ ያገለገለ ዕቃ መደብር በ8 ዶላር አንድ አይቢኤም ሞዴል ኤም ገዛሁ። ኢቤይ ላይ አንዱ ሰው ይህንኑ 400 ይለዋል። እውነት ያን ያህል ያወጣል?

መ፦ ያ ሰውዬ 400 ማለቱን እንጂ መሸጡን አላየህም። ኢቤይ ላይ ስትፈልግ የተሸጡትን ብቻ አሳየኝ የሚል ምርጫ አለ። እሱን ነክተህ የሦስት ወር ሽያጭ ተመልከት። ከዚያ ኪቦርዱን ገልብጠው። ጀርባው ላይ የዕቃው መለያ ቁጥርና የተመረተበት ቀን ያለበት ወረቀት ተለጥፏል። 1391401 ካለ የተለመደው ባለ 101 ቁልፍ ነው። በገፍ የተመረተ ስለሆነ ብርቅ አይደለም። ንጹሕና የሚሠራ ከሆነ በ100 ዶላር ዙሪያ ይሄዳል፤ አንዳንዴም ከዚያ በታች። ቁጥሩ 1391472 ከሆነ ግን ተቀመጥና ተረጋጋ። የቀኝ ጎኑ ቁጥሮች የሌሉት አጭሩ ነው፤ እሱ ከወንድሙ በእጥፍና ከዚያ በላይ ይፈለጋል።

ጥ፦ «አልተሞከረም» ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ ስንት ልበል?

መ፦ የተበላሸ ዕቃ ዋጋ። ከሠራ ትርፉ የአንተ፣ ካልሠራም አልተቃጠልክም። ግን ሻጩን ሁሉ አታላይ አታድርገው። የተርሚናል (ከትልቅ ኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ ስክሪንና ኪቦርድ) ኪቦርዶችና የመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ኪቦርድ ዛሬ ባለን ኮምፒውተር ላይ ያለ መቀየሪያ፣ ማለትም ምልክታቸውን ኮምፒውተሩ ወደሚያውቀው ከሚለውጥ ትንሽ መሣሪያ ውጭ፣ አይሠሩም፤ ሰውየው ሊሞክረው ቢፈልግም በምን ይሞክረው? ይልቅ ጥራት ያለው ፎቶ ጠይቅ፦ የጀርባው ወረቀት፣ የገመዱ ጫፍ፣ ቁልፎቹ ከላይ። ገመዱን ለማሳየት የሚያንገራግር ሻጭ ካጋጠመህ እለፈው።

ጥ፦ ሞዴል ኤም ስገዛ ከውጭ ንጹሕ መሆኑ ይበቃል?

መ፦ አይበቃም። ዋጋውን የሚቆርጠው ሆዱ ውስጥ ያለው ነው። ስፕሪንጎቹን የያዘው ፕላስቲክ ከጀርባው ብረት ጋር የተያያዘው አናታቸው በሙቀት ቀልጦ በተደፈጠጡ ትንንሽ የፕላስቲክ ችንካሮች ነው። ዕድሜ ሲጫናቸው አናታቸው ይበጠሳል። መጀመሪያ ኪቦርዱን በሁለት እጅህ ይዘህ ቀስ ብለህ ወዝውዘው። እንደ ደረቅ ምስር የሚንሿሿ ነገር ከሰማህ የተበጠሱት አናቶች ናቸው። ለመክፈት 5.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን የቱቦ መፍቻ ያስፈልግሃል። የብሎኖቹ ጉድጓድ ጥልቅና ጠባብ ስለሆነ ወፍራሙ አይገባም። ብረቱን ገልብጠህ የተበጠሱትን ቁጠር። ሦስት አራት ቢጎድል ግድ የለም። ግማሹ ከሄደ ግን ሁሉንም ቆርጦ፣ በቀጭን መሰርሰሪያ በስቶ፣ በኤም 2 (ባለ 2 ሚሊ ሜትር) ብሎንና ዳዶ ማሰር ነው፤ ቅዳሜህን ሙሉ ይበላል። ያ ቅዳሜ ከዋጋው ላይ ይቀነስ። ሻጩ «ድምፁ ገና ይጣፍጣል» ቢልህም ይቀነስ!

ከሞዴል ኤም በፊት የነበረው ታላቅየው ሞዴል ኤፍ እነዚህ ችንካሮች የሉትም፤ በብረት ሳህን የተጠረቀመ ነው። የእሱ ጣጣ ውስጡ ያለው ስፖንጅ ነው፤ አርጅቶ ዱቄት ሆኖ ታገኘዋለህ።

ጥ፦ ቢጫ የሆነውን አንጥቶ መሸጥ ማጭበርበር ነው?

መ፦ ከተናገርክ አይደለም። ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ በብርሃንና በጊዜ ብዛት ይቢጫል። በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና በፀሐይ ይነጣል፤ ግን ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይቢጫል። ስለዚህ ለነጣ ዕቃ ጭማሪ አልከፍልም። በአፕል ኤክስቴንድድ ኪቦርድ ላይ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል፦ የፊደል ቁልፎቹ ፒቢቲ ከሚባል ሌላ ፕላስቲክ ስለሆኑ መልካቸውን ይጠብቃሉ፤ ረጅሙ የክፍተት ቁልፍ ብቻ ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። እሱን ሳይ እንዲያውም ደስ ይለኛል፤ ማንም አልነካካውም ማለት ነው።

ጥ፦ ጎረቤቴ ከባንክ ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ አዛውንት ናቸው። ጋራዣቸው ውስጥ የአይቢኤም 4704 ኪቦርድ፣ ያ ትንሹ ባለ 62 ቁልፍ፣ አለ። «20 ዶላር ስጠኝና ውሰደው» አሉኝ። ልውሰድ?

መ፦ ይህ ጥያቄ በብዙ መልኩ ደርሶኛል፤ ሰውም የሚጣላበት እሱ ነው። እኔ የምለየው እንዲህ ነው። ሱቅ ዋጋ ለጥፎ ካስቀመጠ ከፍለህ ሂድ፤ ዋጋ ማጥናት የነጋዴ ሥራ ነው፣ 8 ዶላር የከፈለውንም ወንድማችንን ማንም አይወቅሰውም። ጎረቤትህ ግን ዕቃው ምን እንደሆነ አያውቁም፣ አንተ ታውቃለህ፣ ነገም በር ላይ ትገናኛላችሁ። በተለይ «ስንት ያወጣል?» ብለው ከጠየቁህ አበቃ፤ ገማች ሆነሃል። ገማችም ገዢም ሆነህ በ20 ዶላር መውሰድ ዓይን ያወጣ ነገር ነው።

እኔ የማደርገው፦ ተመሳሳይ ዕቃ የተሸጠበትን ዋጋ በስልኬ አሳያቸዋለሁ። በመቶዎች ዶላር የሚቆጠር ነው፤ ይደነግጣሉ። ከዚያ «ማጽዳት፣ ስፖንጅ መቀየር፣ መቀየሪያ መግዛት አለብኝ፤ ስለዚህ የዚህን ሁለት ሦስተኛ ልስጥዎት» እላለሁ። ሁለት ሦስተኛው የራሴ ልማድ ነው፣ ሕግ አይደለም። ብዙዎቹ በደስታ ይስማማሉ፤ «ሌላም ሳጥን አለ» የሚሉም አይጠፉም። ሰምተውም «20 ይበቃኛል» ካሉ አመስግነህ ውሰድ።

አንድ ነገር ልጨምር። 4704ም ሞዴል ኤፍ ነው፤ ይህ ዓይነቱ አሁን እንደ አዲስ እየተሠራ ይሸጣል። መጻፊያ ብቻ የሚፈልግ ሰው ለአሮጌው ያበደ ዋጋ የሚከፍልበት ምክንያት የለውም። ለኦሪጂናሉ የሚከፍለው ሰብሳቢ ብቻ ነው።

ጥ፦ ሰው የሚሸጥበት ዋጋ ሲበዛብኝ «ውድ ነው» ብዬ ብናገርስ?

መ፦ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ካልተስማማህ አትግዛ። የሞዴሉን ስም ካሳሳተ ወይም የተጠገነውን ካልተነካ ካለ ግን ተናገር፤ እዚያ ላይ ዝምታ የለም።

ጥ፦ ሰማያዊ አልፕስ ስዊች (ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ያለው መጫኛ) ያለው ኪቦርድ አለኝ። ነቅዬ ስዊቹን ብቻ ብሸጥ ይሻለኛል?

መ፦ ገንዘቡ ምናልባት ይሻላል። ሳጥኑ ከተሰበረ ወይም ቦርዱ ከሞተ ንቀለው። ደህና ከሆነ ግን፣ እባክህ። የተነቀለ ብዙ ጊዜ ተመልሶ አይተከልም፣ የሙሉው ኪቦርድ ቁጥር ደግሞ በየዓመቱ እየቀነሰ ነው።

ጥ፦ ስፔስ ካዴት ስንት ነው?

መ፦ በ1970ዎቹ መጨረሻ ኤምአይቲ ለሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሊስፕ ማሽኖች (ሊስፕ ለተባለ የፕሮግራም ቋንቋ የተሠሩ ኮምፒውተሮች) የተሠራው፣ እንደ ሺፍትና ኮንትሮል ከሌላ ቁልፍ ጋር አብረው የሚጫኑ 7 ዓይነት ቁልፎች ያሉት? ለእሱ የገበያ ዋጋ የሚባል የለም። ሽያጩ በጣም ጥቂት ስለሆነ የሚነጻጸርበት ታጣለህ። ሁለት ሀብታሞች በአንድ ጨረታ ከተገናኙ አይቀመስም።

ጥ፦ ከአዲስ አበባ ነኝ። አባቴ የአማርኛ ኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና አላቸው። ብርቅ ስለሆነ ውድ አይሆንም?

መ፦ ብርቅ መሆኑ ብቻ ዋጋ አያወጣለትም፤ ፈላጊ ያስፈልገዋል። ውጭ ያለው ሰብሳቢ ሊጽፍበት አይችልም፤ ሊያሳየው ነው የሚገዛው። ያንተ ገዢ አማርኛ የሚያነብ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ አዲስ አበባም ዋሽንግተንም አለ። እዚያ ጠይቅ። ወረቀት አስገብተህ ሁሉንም ፊደል የመታህበት ፎቶ አብረህ ላክ፤ ከየትኛውም ማብራሪያ ይበልጣል።

ጥ፦ ከአሜሪካ ገዝቼ ወደ ዱባይ ባስመጣስ?

መ፦ ሞዴል ኤም ከ2 ኪሎ በላይ ነው፤ የብረት ሳጥን ያላቸው ደግሞ ከዚያም ይከብዳሉ። የፖስታው ዋጋ ከዕቃው ሊበልጥ ይችላል፣ ቀረጥም ሊኖር ይችላል። እጅህ ላይ የሚደርስበትን ጠቅላላ አስልተህ ነው መከራከር ያለብህ። ሻንጣው ያልሞላ ዘመድ ካለህ በእሱ አስመጣው። ቁልፎቹን ግን ነቅሎ በፌስታል ለብቻ ያምጣልህ፤ መንገድ ላይ የሚጠፋው እነሱ ናቸው።