የሊ ቲዬ ሲቪ፦ የትኛው ረድፍ ይቀዳል?

ወንድማችን፣ ደብዳቤህ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ 31 ዓመትህ ነው፣ በከፍተኛ ሊግ በተከላካይ አማካይነት ትጫወታለህ፣ የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) ዲ ላይሰንስ፣ ማለትም የአሰልጣኝነት ፈቃድ ይዘሃል። ቻይናዊው ሊ ቲዬ ጫማውን ከሰቀለ ከስምንት ዓመት በኋላ የአገሩ ብሔራዊ ቡድን ዋና አሰልጣኝ መሆኑን አንብበህ «የሱን መንገድ ብከተልስ?» ብለሃል። መጨረሻ ላይ ደግሞ እግረ መንገድህን፣ አንድ ሰው የምክትል አሰልጣኝነት ቦታ እንዳለና «እጅ መንሻ» እንደሚፈልግ ነግሮኛል ትላለህ። ሁለት ጥያቄ አድርገህ ነው የጻፍከው፤ መልሳቸው ግን አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል።

የሰውየውን ሲቪ ቀጣሪ በሚያነብበት ዓይን እንየው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ1977 ሸንያንግ ተወለደ። በ1993 ለሥልጠና ወደ ብራዚል ከተላኩት ታዳጊዎች አንዱ ነበር፤ ሲመለስ ለሊያኦኒንግ ተጫወተ። በ2002 ቻይና በቦራ ሚሉቲኖቪች እየተመራች እስከ ዛሬ ብቸኛ የሆነውን የዓለም ዋንጫዋን ስትጫወት መሃል ሜዳው ላይ ነበር። ቡድኑ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፎ፣ 9 ጎል ገብቶበት፣ አንድም ሳያገባ ተመለሰ። ቢሆንም በዚያው ዓመት ኤቨርተን ወሰደው፤ በዴቪድ ሞይስ ሥር በመጀመሪያው የውድድር ዘመን 29 የሊግ ጨዋታ አደረገ። ከዚያ የእግር ስብራት፣ ከዚያ ሸፊልድ ዩናይትድ፣ ከዚያ ወደ አገር ቤት።

አንተ ልታሰምርበት የሚገባው ረድፍ 2012 ነው። ዓለም ዋንጫና ፕሪሚየር ሊግ የተጫወተ ሰው በጓንዡ ኤቨርግራንዴ የማርቼሎ ሊፒ ረዳት ሆኖ ነው የጀመረው። ክለቡ በ2013 የእስያ ሻምፒዮን ሆነ። ትልቅ ስም ያላቸው ተጫዋቾች ይህን ደረጃ መዝለል ይወዳሉ፤ እዚህ ላይ ሊ ቲዬን መቅዳት ትችላለህ።

ቀጥሎ ያሉት ረድፎች በወረቀት ላይ ከሁሉም ያምራሉ። በ2015 ሄቤይ የተባለው ክለብ አሰልጣኙን ራዶሚር አንቲችን አሰናብቶ ቡድኑን ሰጠው፤ እሱም ወደ ቻይና ከፍተኛው ሊግ፣ ወደ ሱፐር ሊግ፣ አሳደገው። በ2018 ደግሞ ዉሃን ዛል የተባለውን ክለብ የሁለተኛው ሊግ ሻምፒዮን አድርጎ አሳደገ፤ በቀጣዩ ዓመት በሱፐር ሊጉ 6ኛ ሆኖ ጨረሰ። በጃንዋሪ 2020 ብሔራዊ ቡድኑን ተረከበ። ይኸው ነው አንተን ያስጎመጀህ።

ችግሩ እነዚህ ረድፎች ባዶ መሆናቸው ነው። በጃንዋሪ 2024 በቻይና መንግሥት ቴሌቪዥን ቀርቦ የጨዋታ ውጤቶችን በገንዘብ መግዛቱን አመነ። ብሔራዊ ቡድኑን ያገኘበት መንገድ ለአንተ ጉዳይ በጣም ስለሚቀርብ በዝርዝር ላስረዳህ። ዉሃን ዛል 2 ሚሊዮን ዩዋን ለቻይና እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ለቼን ሹዩዋን ሰጠ፤ ሊ ቲዬ ራሱ 1 ሚሊዮን ለሌላ የፌዴሬሽን ሹም ሰጠ። ክለብ ደግሞ ለጽድቅ ብሎ አይከፍልም። አሰልጣኙ ሹመቱን ሲያገኝ ደረጃውን የማይመጥኑ አራት የዉሃን ተጫዋቾችን ለብሔራዊ ቡድን ጠራ። ልብ በል፣ ዕዳው የተከፈለው በገንዘብ አይደለም፤ አሰልጣኝ አለኝ በሚለው ብቸኛ ሥልጣን፣ በተጫዋች ምርጫ ነው። ብሔራዊ ቡድኑ በዓለም ዋንጫ የእስያ ማጣሪያ የመጨረሻ ዙር በስድስት ጨዋታ 5 ነጥብ ብቻ ይዞ ሳለ በዲሴምበር 2021 ለቀቀ። በዲሴምበር 2024 የ20 ዓመት እስር ተፈረደበት፣ ይግባኙም ውድቅ ሆነ። ቼን ሹዩዋን ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል።

በሊ ቲዬ ፋንታ ሌላ ምሳሌ ከፈለግህ እዚያው ቻይና አሰልጣኝ ጋኦ ሆንግቦ አለልህ፦ በ2007 ቻንግቹን ያታይን ሻምፒዮን አድርጎ፣ በ2009 ብሔራዊ ቡድኑን ያዘ፤ በ2010 ፈረንሳይን 1 ለ 0 አሸነፈ።

አሁን ወደ አንተ። ለደላላው «እሺ» ብትል ያ ገንዘብ የሚመለሰው ከደሞዝህ አይደለም። «ይህን ልጅ አሰልፍልኝ» የሚል ስልክ ይመጣል፤ እምቢ ካልክ የሰጠኸውን የሚያውቅ ሰው አለ። በፊፋ የሥነ ምግባር ደንብ ጉቦ መስጠትም መቀበልም ቢያንስ 5 ዓመት ከእግር ኳስ ያሳግዳል፤ ቅጣቱም ከ100,000 የስዊዝ ፍራንክ አያንስም። ስለዚህ «ማመልከቻዬን ለክለቡ ጽሕፈት ቤት አስገባለሁ» በለውና በእርግጥም አስገባ። ቦታው እውነተኛ ከሆነ ክለቡ ያውቀዋል። አንዳንዴ ጭራሽ የለም፤ ብሩ ብቻ ነው ያለው።

ማመልከቻው ላይ ምን ታያይዛለህ? ላይሰንስህን ወደ ሲ፣ ከዚያ ወደ ቢ ለማሳደግ የአገርህን ፌዴሬሽን ጥሪ መጠበቅ ግድ ነው፤ እስከዚያ አንድ የታዳጊ ቡድን ያዝና የልምምድ ማስታወሻ ጻፍ። 30 ገጽ በቂ ነው፣ ለአንድ ልምምድ አንድ ገጽ። ለምሳሌ ርዕሱ «ኳስ በተነጠቅን በ5 ሰከንድ ውስጥ መመለስ» ነው እንበል። 16 ልጆች አሉህ፦ 6 ለ 6፣ ሁለት በረኛ፣ ሁለት ደግሞ ኳስ ለያዘው ቡድን የሚያግዙ። ሜዳው 40 በ30 ሜትር፣ ጨዋታው 4 ጊዜ 4 ደቂቃ፣ በመካከሉ 2 ደቂቃ እረፍት፤ በድምሩ 22 ደቂቃ።

የሚበላሸው የት እንደሆነም ጻፍ፤ ቀጣሪ የሚያምንህ በሱ ነው። ሜዳውን 60 በ45 ካደረግከው ስፋቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ልጅ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ሁለተኛው ተስፋ ቆርጦ ይቆማል፣ ትምህርቱም ያበቃል። እረፍቱ ላይ ንግግር ካበዛህ 2 ደቂቃው 5 ይሆንና ጡንቻቸው ይበርዳል። ከሜዳ ገና የወጣ ተጫዋች የሚሠራው የተለመደ ስህተት ደግሞ ራሱ ገብቶ ማሳየት ነው። አንተ የተከላካይ አማካይ ስለሆንክ ክፍተት ታያለህ፤ ግን ኳስ ይዘህ ከገባህ 16ቱን ማየት ትተህ አንዱን ታያለህ። ከመስመር ውጭ ቁም።

ሥራው ሲገኝ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፦ የሥራ መደቡ፣ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ ደሞዙና የሚከፈልበት ቀን፣ ቡድኑ ቢያድግ ወይም ቢወርድ ምን እንደሚሆን። ከአገር ውጭ ከተቀጠርክ በፊፋ ደንብ መሠረት ቢያንስ የሁለት ወር ደሞዝ ካልተከፈለህ ክለቡን በጽሑፍ አስጠንቅቀህ 15 ቀን ሰጥተህ ውሉን በሕጋዊ ምክንያት ማቋረጥ ትችላለህ። የማስጠንቀቂያውን ቅጂና የላክህበትን ቀን ማስረጃ አስቀምጥ፤ በቃል ነግሬአቸው ነበር ማለት አያስኬድም።