መልስ፦ ጅቡቲ ብትወረር ፈረንሳይና አሜሪካ የመዋጋት ግዴታ አለባቸው ወይ?

ፈረንሳይ ጅቡቲን ለመከላከል የመርዳት ግዴታ አለባት። የአሜሪካ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። አንተ ሁለቱም ጦር ሰፈር ስላላቸው አንድ ላይ አድርገህ ጠየቅህ እንጂ ውላቸው ለየቅል ነው።

የፈረንሳይ ውል እ.ኤ.አ. በ2011 ተፈርሞ በ2014 ሥራ ላይ የዋለና በ2024 የታደሰ የመከላከያ ስምምነት ነው። ፈረንሳይ የጅቡቲን የግዛት አንድነት ለማስከበር አስተዋጽኦ እንደምታደርግ ቃል ገብታበታለች። የጅቡቲን ሰማይ በመጠበቅም የፈረንሳይ ሚራዥ ጄቶች ይሳተፋሉ፤ ለትንሽ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የአሜሪካው ጦር ሰፈር ካምፕ ሌሞኒዬር ግን በመሠረቱ ኪራይ ነው፤ በ2014 ሲታደስ በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚከፈልበት ተገልጿል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። እንዲህ ያሉ ውሎችን ስከታተል ሁልጊዜ የማየው፣ ሰው «ይረዳል» የሚለውን «ይዋጋል» ብሎ እንደሚያነበው ነው። በ2008 ጅቡቲና ኤርትራ ድንበራቸው ላይ ባለችው ራስ ዱሜራ ሲታኮሱ ፈረንሳይ የሎጂስቲክስ፣ የሕክምናና የመረጃ ድጋፍ ሰጠች፤ ውጊያው ውስጥ ግን አልገባችም። ያኔ የሚሠራው ከ2011ዱ በፊት የነበረው ስምምነት ነበር። ስለዚህ የጦር ሰፈሩን ትልቅነት ትተህ ውሉ ምን ዓይነት እርዳታ እንደሚል አንቀጹን አንብብ።