ለታናናሾቻችሁ ኢለቨን ፕላስ ለምታስጠኑ

ልጆቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ለንደን ውስጥ 31 ዓመት ሂሳብ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ይህን የምጽፈው ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ የታናሽ ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ የግራመር ትምህርት ቤት ፈተና ጫንቃችሁ ላይ ለወደቀባችሁ ነው። ግራመር ልጆችን በፈተና መርጦ የሚቀበል የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ የመግቢያ ፈተናው ኢለቨን ፕላስ ይባላል። ቅጹን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ፤ ከካውንስል (ከአካባቢው አስተዳደር) የመጣውን ደብዳቤ ለእናታችሁ የምታስረዱት፣ ማታ ማታም ከልጁ ጋር ወረቀት ላይ የምትፋጠጡት እናንተው ናችሁ።

ወላጆቻችን የመግቢያ ፈተና ሲባሉ ትዝ የሚላቸው ሚኒስትሪ ነው። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ግን ክፍል ውስጥ የተማሩትን ይጠይቃል፤ ደብተር አጥንተው ይገባሉ። ኢለቨን ፕላስ ከእንግሊዝኛና ከሂሳብ ሌላ ብዙ ጊዜ ቨርባል ሪዝኒንግና ነን ቨርባል ሪዝኒንግ የሚባሉ፣ በቃላትና በቅርጾች ዝምድና የሚፈትኑ ጥያቄዎች አሉት። እነዚህን የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደ ትምህርት አይሰጣቸውም። «ልጄ ከክፍሉ አንደኛ ነው፣ አስጠኚ ምን ያደርግለታል?» የምትል እናት ያለችው እውነት ነው፤ ችግሩ ያለው ፈተናው ላይ ነው። የአስጠኚው ገበያም የቆመው በዚህ ክፍተት ነው። በአንድ ወቅት የዳራም ዩኒቨርሲቲ ማዕከል በማስጠናት የማይደፈር ፈተና ላዘጋጅ ብሎ ነበር። እኛ አስጠኚዎች ብዙም ሳንቆይ ደረስንበት።

ነገሩ የቆየ ነው። ከ1944ቱ የትምህርት ሕግ በኋላ ልጆች በ11 ዓመታቸው እየተፈተኑ ያለፈው ወደ ግራመር፣ ያላለፈው በአብዛኛው ሴኮንደሪ ሞደርን ወደሚባለው ሌላ ዓይነት ሁለተኛ ደረጃ ይሄድ ነበር። በ1965 መንግሥት ካውንስሎቹ ይህን እንዲተዉ ጠየቀ፤ በ1998 ደግሞ አዲስ ግራመር መክፈት በሕግ ተከለከለ። በመላው እንግሊዝ የቀሩት 163 ያህል ናቸው። ኬንት ውስጥ በርከት ይላሉ። ለንደን ውስጥ ግን ባርኔት፣ ሰተን፣ ኪንግስተን እያሉ እዚህም እዚያም የቀሩ ስለሆኑ ልጅ ከአራቱም ማዕዘን ይጎርፍባቸዋል። ስለዚህ ማለፍና መግባት ለየቅል ነው፤ የማለፊያውን ነጥብ አግኝቶ ቦታ ያጣ ልጅ ሞልቷል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። አንድ የአሥር ዓመት ልጅ አስጠና ነበር፤ እናቱ ሌሊት እየተነሳች ቢሮ ታጸዳለች። በሰዓት 50 ፓውንድ እቀበል ነበር። ልጁ ሲደክመው «እናትህ ጎህ ሳይቀድ የምትነሳው ለማን ይመስልሃል?» እለዋለሁ። ላበረታታው ነበር። አንድ ቅዳሜ የሬሾ ጥያቄ እያሠራሁት እርሳሱን አስቀመጠና «ጋሼ፣ የእርስዎ አንድ ሰዓት የእማዬ አራት ሰዓት ነው አይደል?» አለኝ። ስሌቱ ልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ መልስ በተሳሳተ ቁጥር «ለምን?» ብሎ መጠየቁን ተወ። ሰዓቱን ብቻ ያያል።

እና እባካችሁ የእናታችሁን ድካም በአሥር ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ አትጫኑ። እናንተ ተሸክማችሁት እንደመጣችሁ አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁን ያሸከምኳችሁ እኔው ነኝ።

ሌላው የቃላት ዝርዝር ነው። «ሬቲሰንት» (ቁጥብ፣ ብዙ የማይናገር) ሲሉት «ሳይለንት» ብሎ የሚመልስ፣ ቃሉን ግን በአንድም ዓረፍተ ነገር መጠቀም የማይችል ልጅ ስንቱን አይቻለሁ! ከቤተ መጻሕፍት የወደደውን መጽሐፍ ያምጣ፣ አብራችሁ አንብቡ፣ ከዚያ ታሪኩን ለእማዬ በአማርኛ ይንገራት። በሁለት ቋንቋ ማሰብ ለቨርባል ሪዝኒንግ ጥሩ ልምምድ ነው ብዬ አምናለሁ። የድሮ ፈተና ወረቀትም ያስፈልጋል፤ ጊዜ አያያዝ የሚለመደው በእሱ ነው። ግን በሳምንት አንድ ሁለቴ ይበቃል።

ቅጹን በተመለከተ ጠንቀቅ በሉ። ፈተናው የስድስተኛ ዓመት ትምህርት በተጀመረ ሰሞን ነው፤ ምዝገባው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሰመር እረፍት በፊት ይዘጋል። የትምህርት ቤት ማመልከቻው ኦክቶበር 31 ያልቃል። ለንደን ውስጥ እስከ 6 ትምህርት ቤት መሙላት ይቻላል፤ ትምህርት ቤቶቹ ስንተኛ እንዳደረጋችኋቸው አያዩም። ግራመር ብቻ ደርድሮ የሚሞላ ወላጅ አለ። እነሱ ካልተቀበሉት ካውንስሉ ቦታ የተረፈበት ቦታ ይመድበዋል፤ ስለዚህ ሄዳችሁ ያያችሁትንና የወደዳችሁትን የሰፈር ኮምፕርሄንሲቭ፣ ማለትም ያለ መግቢያ ፈተና የሚቀበል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ጨምሩበት።

ደግሞም ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰብ ልጅ በነፃ ምሳ ከተመዘገበ ብዙ ግራመሮች ቅድሚያ ይሰጡታል፤ አንዳንዶቹ ነጥቡንም ዝቅ ያደርጉለታል። የለንደን ከንቲባ ከ2023 ሴፕቴምበር ጀምሮ ለመንግሥት አንደኛ ደረጃ ልጆች ሁሉ ምሳውን በነፃ ስላደረጉት «ምን ያስመዘግበኛል?» የሚል ወላጅ አለ። ያስመዘግባል። ምሳው ሌላ፣ ምዝገባው ሌላ ነው። በእኛ ሰው ዘንድ ይህን የሚያውቀው ጥቂት ነው፣ እኔንም ያናድደኛል።

ዘንድሮ ያልገባ ልጅ በ16 ዓመቱ በጂ.ሲ.ኤስ.ኢ. (በዚያ ዕድሜ በሚወሰደው አገር አቀፍ ፈተና) ውጤቱ ለግራመር ሲክስዝ ፎርም፣ ማለትም ለመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ክፍል፣ ማመልከት ይችላል። ይህን ለልጁ ከፈተናው በፊት ንገሩት፤ ከወደቀ በኋላ ቢነገረው ማጽናኛ ይመስለዋል።

ያ ልጅ አላለፈም። ውጤቱ ኦክቶበር ላይ መጣ። እናቱ በማግሥቱ የቀረውን የሁለት ሳምንት ክፍያ በፖስታ አድርጋ ይዛልኝ መጣች፤ አመሰገነችኝም። ተቀበልኳት። ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ ማስጠናት የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።